በመንጋጋ የተያዘ መርዶ

እስኪ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ከፈት ዘጋ አድርጉት። ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ይቅርባችሁ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ቦታ ይቀይርባችኋል። ቤት ከሆናችሁ ግን ሞክሩት። ከቆዳው ሥር ወዲያና ወዲህ የምትል ነገር አለች አይደል? የመንጋጋ መገጣጠሚያ የምትባለው እሷ ናት። እኔ እንዲህ ያለች ነገር ፊቴ ላይ መኖሯን ሳላውቅ አርባ ምናምን ዓመት በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ሰው ሰድቤ ኖሬያለሁ። ደህና ስትሆን ማንም አያስታውሳትም። የታመመች ቀን ግን ሌላ የሰውነት ክፍል ያላችሁ አይመስላችሁም።

የእኔዋ የጀመረችው በድምፅ ነው። ስጎርስ ቀጭ፣ ሳዛጋ ቀጭ፣ «ደህና አደራችሁ» ስል ቀጭ። መጀመሪያ ላይ እኔ ብቻ የምሰማው መስሎኝ ነበር። ኋላ ምሳ ቤት ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ «ወንድም፣ ሩዙ ውስጥ ድንጋይ አለ እንዴ?» ብሎ ሳህኑን መለሰ። ከዚያ ሕመሙ መጣ። ከጆሮዬ ሥር ተነስቶ ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል፣ ወደ አንገቴ ይወርዳል፤ እንደ ልቡ ይዘዋወራል።

ሥራዬ ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ከሰልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ ጎፋ ዳገት ላይ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ ቀስ፣ ቀስ...» እያሉ መዋል ማለት ነው። ሰልጣኟ «እሺ» ትልና ባንዴ ትለቀዋለች። መኪናው ዘሎ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ይለቅብናል፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ፈጣሪዬን ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ የማስታውሰው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ «የሙያ በሽታ ነው፣ ሁላችንም አለብን» ሲሉኝ አመንኳቸው። ማለቴ፣ ያመንኩ መሰልኩ። ዋናውን ምክንያት በደንብ አውቀው ነበር፤ ዝም ያልኩት መናገር ስላልተፈቀደልኝ ነው።

እንግዲህ ልንገራችሁ። እናቴ ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶባት ኦፕሬሽን የተደረገች ቀን፣ እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ከደቡብ አፍሪካ ነው። ታናሽ ወንድሜ ብሩክ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ይኖር ነበር፤ የደወለው ግን ጓደኛው ነው። «ወንድሜ፣ በርታ» አለኝ። በእኛ አገር ሰው ስልክ አንስቶ በርታ ካላችሁ ሌላውን መስማት አያስፈልግም። ብሩክ ራሴን ብሎ ተኝቶ አልተነሳም። ጓደኞቹ ተሰብስበው እዚያው ቀብረውታል። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ነርሷ እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወጣች። አንድ ዓይኗ ታሽጓል።

«ልጄ፣ አለህ?» አለች እማዬ።

«አለሁ፣ እማዬ።»

ነርሷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ መመሪያ ትሰጠኝ ጀመር። አታጎንብስ፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ውሃ አይንካው። «ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳታለቅስ፣ እንዳትጨነቅ። ዓይኑን ካሸችው ይበላሻል» አለችኝ። እኔም ጥርሴን ገጥሜ «እሺ» አልኩ። መንጋጋዬ የተቆለፈው ያኔ ይመስለኛል።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንደ ወሬ ጣል አይደረግም። ሥርዓት አለው። ዘመድ በምስጢር ይመክራል፣ ጎረቤት በዋዜማው ይነገረዋል፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ቀስ ብለው በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሁሉ የማያውቅ መምሰል አለበት። እኛም ሐና ማርያም፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ቶላ ግቢ፣ ላሞቻቸው መሃል ቆመን መከርን። ጋሽ ቶላ ከአባታቸው መሬት የተረፈችው ግቢ ውስጥ ላም እያለቡ ለሰፈሩ ወተት የሚሸጡ ሰው ናቸው። «የዓይን ሐኪሙ ዳነች እስኪል ድረስ አንድ ቃል ያመለጠው ሰው፣ እትዬን ያሳወራት እሱ ነው» ብለው አስማሉን። ሁሉም ማለና ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ግን መካኒሳ፣ እሷው ቤት ነው የምኖረው። ሚስት የለኝም። ሌሎቹ ምስጢሩን እየመጡ ይጠይቁታል፤ እኔ አብሬው እበላለሁ፣ አብሬው እተኛለሁ።

«ብሩክ ደወለ?» ትለኛለች ማታ ስገባ።

«ደውሎ ነበር። ተኝተሽ ነው።»

«ምን አለ?»

«እማዬ ባለ አንድ ዓይን ሆና ሽሮው ውስጥ ጨው በዛ እንዴ አለ።»

ብሩክ በሕይወቱ ቀልድ ተናግሮ አያውቅም፤ ሲያወራ እንኳ ሪፖርት የሚያቀርብ ነው የሚመስለው። ከሞተ በኋላ እኔ ተጫዋች አደረግኩት። እማዬ ከልቧ ሳቀች። «ውይ ይሄ ልጅ! አገር ቀይሮ አመሉን ቀየረ» አለች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። እንባ ግን አልመጣም። መንጋጋዬ ብቻ ቀጭ አለ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ በመብራት ፈትሾ «ጥርስህ ጤነኛ ነው» አለኝ። ጤነኛ ነው ይለኛል እንዴ! እኔ ጆሮዬ እየነደደ! «ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ንቀልልኝ» ብዬ ድርቅ አልኩ። ሰውዬው ለመነኝ፣ አስረዳኝ፣ በመጨረሻ በእኔ ፈቃድና በእኔ ጥፋት ተነቀለች። እንዲህ ነጭ፣ እንዲህ ጠንካራ ጥርስ አይቼ አላውቅም። በወረቀት ጠቅልዬ ይዣት ስወጣ ሕመሙ አብሮኝ ወጣ።

ቀጥሎ ጋሽ ቶላ ገቡበት። «ይሄ ወልቆ ነው፤ ወጌሻ ነው የሚያስፈልገው» ብለው ሐና ማርያም አጠገባቸው የሚኖሩ ሽማግሌ ጋ ወሰዱኝ። ሰውዬው ቁርጭምጭሚት ላይ የተመሰከረላቸው ናቸው። መንጋጋ ግን ብዙም የገጠማቸው አይመስለኝም፤ «እግርህን ዘርጋ» ብለው ነው የጀመሩት። ፊቴን ቅቤ ቀቡኝ፣ ሁለት አውራ ጣታቸውን አፌ ውስጥ ከተቱና «አይዞህ» አሉ። አይዞህ ሲባል መሮጥ እንዳለብኝ ዕድሜዬ ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር። ጎተቱት። የሆነ ነገር ቀጭ አለና አፌ ግማሽ ተከፍቶ ቀረ። አልዘጋም አለ። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና ለጋሽ ቶላ «አሁን ላላ» አሏቸው።

እንዲያ አፌን ከፍቼ፣ ፊቴ በቅቤ እያብለጨለጨ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ወራጅ የት ነህ?» ሲለኝ «ኧካኒሳ» አልኩት። አንዲት ሴትዮ ደንግጠው ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝና «ምስኪን፣ ስትሮክ ነው» ብለው ለጎናቸው ሰው ነገሩት። ሌላው ደግሞ ስለ አጎቱ ስትሮክ ተረከ፤ አጎቱ አልተረፉም። እንዲህ እያወራን፣ ማለቴ እነሱ እያወሩ እኔ አፌን ከፍቼ እየሰማሁ፣ ታክሲው አንድ የታወቀ ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ ገባ። አገጬ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጋጨ፣ አፌ ተዘጋ። ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ፊቴ ቆሞ የከተማችንን ጉድጓድ እንዲሰድብ አልፈቅድም።

ከዚያ በኋላ ግን አገጬን ከሥር ወደ ላይ በሻርፕ አስሬ መዋል ጀመርኩ። ይደግፍልኛል። መስታወት ውስጥ ራሴን ሳይ ለመገነዝ የተዘጋጀ ሰው መስዬ ነበር፤ ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም።

ጎረቤታችን እህት አስቴር ከወላይታ የመጣች፣ ጸሎቷ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ጴንጤ ናት። ለመርዶው እንድትዘጋጅ የብሩክን ነገር ነግረናት ነበር። አንድ ቀን ሻርፔን አይታ ሳሎን ድረስ ገባችና እጇን መንጋጋዬ ላይ ጫነች። በመንጋጋ ጀመረች። መሃል ላይ ግን ብሩክ ትዝ አላት መሰለኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አንተ የሞት መንፈስ! ከዚህ ቤት ውጣ! ይቺን እናት አታስለቅሳት!» እያለች ጮኸች። «ቀስ በይ፣ እማዬ ጓዳ አለች» አልኳት በሹክሹክታ። አፏን በእጇ ያዘች። ጓዳው ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የነበረው ድስት ዝም አለ።

በዚያው ሰሞን እማዬ ቤታችን አይጥ ገብታለች አለች። «ሌሊት ሌሊት በሩን ስትቆረጥመው እሰማለሁ» ብላ ከእህት አስቴር ድመት ተዋሰች። ድመቷ ቤቱን ሁሉ አሸተተችና መጨረሻ ላይ ትራሴ አጠገብ ቁጭ ብላ አፌን አተኩራ ማየት ያዘች። ይህን ያነሳሁት በመጨረሻ የመንጋጋ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ ወጣቷ ዶክተር «ሲተኙ ጥርስዎን ያፋጫሉ? እስኪ ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ» ስላለችኝ ነው።

«ባለቤት የለኝም። ድመት ግን ምስክር አለችኝ» አልኳት።

ሳቀችና ጣቶቿን ከጆሮዬ ፊት አድርጋ ክፈት ዝጋ አስባለችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። መገጣጠሚያዋ አልወለቀችም፣ አልተሰበረችም፤ ቀንም ሌሊትም ጥርሴን ስለምነክስ ጡንቻው ዝሏል። ጥርስ ከጥርስ ጋር መገናኘት ያለበት ምግብ ሲያኝኩ ብቻ ነው አለችኝ። ሌላ ጊዜ ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ግን ክፍተት ይኖረዋል፣ ምላስ ላንቃ ላይ ያርፋል። ለስላሳ ምግብ ይብሉ፣ ማስቲካ ይተዉ፣ ሲያዛጉ አገጭዎን ይደግፉ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይያዙበት፣ በመስታወት እያዩ ቀስ ብለው መክፈት ይለማመዱ። «አደገኛ ነገር አይደለም፣ ግን ትዕግስት ይፈልጋል» አለችኝ። እኔማ የተነቀለችውን ጥርሴን አሰብኩ።

«የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» አለችኝ ከዚያ።

«የለም።»

ጣቷ ገና ጉንጬ ላይ ነበር። «ይኸው፣ አሁን ነከሱ» አለችኝ።

ያን ጊዜ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ወንድሜ ሞቷል» አልኳት። ሞቷል የሚለውን ቃል ከራሴ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ለማላውቃት ልጅ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ነጭ መብራት ሥር። ሶፍት አቀበለችኝ። አላለቀስኩም፤ ሶፍቱን ይዤው ወጣሁ።

ቤት ውስጥ ሕክምናዬን ጀመርኩ። ፎጣውን ጠቅልዬ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ አፌን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፣ ቀስ ብዬ እዘጋለሁ። አንድ ቀን ዞር ስል እማዬ በደህናው ዓይኗ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ምን ሆነህ ነው?» አላለችኝም። ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠብኝ። አጥሚት ታፈላልኛለች፣ ቆማ እስክጨርስ ታያለች። ስቀመጥ ትመጣና እንደዋዛ አገጬን ከሥር ትዳብሳለች፣ አንገቴን በጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች። ለሐና ማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ብሩክ ደወለ ወይ ማለቷን ተወች። አንድ ማታ ብቻ «ስትደውልለት ይምጣ በለው» አለችኝ።

«ማን?»

«ብሩክ ነዋ። ሥራ፣ ሱቅ አይበል። አሁኑኑ ይምጣ። ኋላ ዕድሜ ልኩን እንዳይቆጨው።»

ልቧ ነግሯታል፣ አውቃለች አልኩ። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብዬ ተነሳሁና ፎጣዬን ላሞቅ ሄድኩ። ጥርሴን አለመንከስ እንዴት ነው የሚቻለው? ዶክተሯ እሱን አልነገረችኝም።

በመጨረሻ የዓይን ሐኪሙ ጨርሳ ድናለች አለ። ሌላ ሰው በዚህ ደስ ይለዋል። እኔ ከሆስፒታሉ እንደወጣሁ ለጋሽ ቶላ ደወልኩና «ነገ ጠዋት» አልኳቸው።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቶላ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው እህት አስቴርና የእድሩ ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እኔ ልከፍት ስሄድ እማዬ ቀድማኝ ደርሳ ከፈተችው። አንድ በአንድ አየቻቸው። በሁለት ዓይኗ፣ ጥርት አድርጋ።

«እትዬ፣ እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ...» ብለው ጋሽ ቶላ ጀመሩ።

«ዝም በል፣ ቶላ!» አለች። ወደ ኋላ ተመልሳ እኔ ፊት ተገተረች፣ ክንዷን ዘርግታ ከለለችኝ። «አውቄዋለሁ። የታሰረው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ነው እንዴ? ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ፣ ይቺ ስታለቅስለት ሰምቻለሁ፣ ልጄ እህል አልወርድ ብሎት ፊቱን አስሮ ሲውል አይቻለሁ። ያ ክፉ በሽታ ነው፣ አውቃለሁ! ግን ገና ቆሞ እኮ ነው! በቁሙ ልታለቅሱለት መጣችሁ?»

ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ የብሩክን ሞት ስደብቃት፣ እሷ የእኔን ሞት ስትጠብቅ ኖራለች። አጥሚቱ፣ ጃንጥላው፣ ይምጣ በለው ማለቷ። ወንድሜ ሳልሞት እንዲያየኝ ነበር የምትለምነው።

«እማዬ» አልኳት፣ «እኔ ደህና ነኝ። የመንጋጋ ሕመም ብቻ ነው። ሐኪሟ ምንም አይደለም ብላኛለች።»

«አትዋሸኝ።»

«አልዋሸሁም።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኔን አየችው። እናት ልጇ ሲምል ውሸቱን ታውቃለች፤ እውነቱንም ታውቃለች። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። «ተመስገን!» አለች። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! ልጄን መለስክልኝ!» ግንባሬን ሳመችኝ፣ መንጋጋዬን ሳመችኝ፣ እየሳቀች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

የሚስቅ ሰው አልነበረም። እህት አስቴር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋለች። ጋሽ ቶላ መሬት መሬት ያያሉ።

የእማዬ እጅ ገና ጉንጬ ላይ ነበር። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ «ታዲያ...» አለች፣ «ታዲያ የማንን ነው?»

ሁሉም እኔን አየ። «ብሩክን ነው፣ እማዬ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። የለቅሶ ቤት የማታውቁ አይደላችሁም። እኔም አፌን ምን ያህል እንደከፈትኩ፣ ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም፤ ለብሩክ ያላለቀስኩት ሁሉ ያን ቀን ወጣ። ዶክተሯ ብታየኝ በጣም ትቆጣ ነበር።

አሁን መንጋጋዬ ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ይሰማኛል። የእማዬ ዓይንም ደህና ነው፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። ያልዳነ አንድ ነገር አለ። «አንዱ ልጄ አፈር ለብሶ ተመስገን ያልኩ እናት ነኝ» ትላለች። የንስሐ አባቷ ኃጢአት አይደለም ብለዋታል፤ አልተቀበለቻቸውም። እኔም ላስረዳት ሞክሬያለሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? እውነቱን ለመናገር፣ ያ ቃል ስለ እኔ የተባለ ነው፤ እሷ የምታፍርበትን እኔ በልቤ ይዤው እዞራለሁ።

ሰው መጥቶ «እንዴት አደሩ?» ሲላት «ደህና» ትላለች፣ እዚያ ላይ ታቆማለች። ጠያቂው ቀሪዋን ቃል ይጠብቃል። አትመጣም። ዝምታው ሲረዝም፣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ «ተመስገን» የምለው እኔ ነኝ።